ለጅቡ ማን ይከራከር?

ክርክር የሚባለው ነገር አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሁለት ወገን ይፈልጋል። በደርግ ዘመን ሁለተኛውን ወገን ከየት ታመጣዋለህ? ትክክለኛው ወገን ሞልቶ ተርፏል። በሌላው ወገን የቆመ ሰው ግን የት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እኔ ታዲያ ድሬዳዋ ውስጥ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ሆኜ ልጆቹን አከራክራለሁ ብዬ ተነሣሁ። ርዕስ ስሰጣቸው ያፈጡብኛል እንጂ አይናገሩም። ስለዚህ ከአንድ የሠራተኞች ክበብ ፕሮጀክተር ከነካርቱን ፊልሙ ተዋስኩ። ጅብ ወንበር ላይ ተቀምጦ የአህዮችን እህል ይበላል፤ አህዮቹ ተባብረው በእርግጫ ያባርሩታል። ከዚህ የበለጠ አብዮታዊ ነገር ከየት ይመጣል? ኩራቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ለርዕሰ መምህሩ አወራሁ። እሱ ለቀበሌ አወራ። ቀበሌ ካድሬ ላከ።

በዚያ በድሬ ሙቀት መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋረድን። ካድሬው የኋላ ዴስክ ላይ ጉልበቱን አጣጥፎ ተቀመጠ። ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እሱም በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። እዚያ ላይ ብናበቃ ምን ነበረበት?

ፊልም ግን ካለቀ በኋላ ወደ መጀመሪያው መጠቅለል አለበት። እኔ ብልሁ አምፖሉን ሳላጠፋ ወደ ኋላ አዞርኩት። የተባረረው ጅብ ቂጡን አስቀድሞ እየሮጠ ተመለሰ። አህዮቹ እግራቸውን ሰብስበው አሳለፉት። ወንበሩ ላይ ጉብ አለና እህሉን ከአፉ እያወጣ ጆንያቸውን ይሞላላቸው ጀመር። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ካድሬው አልሳቀም። እኔ ማጥፊያው የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።

ለማስተባበል ወደ ክርክሩ ሮጥኩ። ለጅቡ የሚቆም ስለጠፋ በዕጣ ሆነና ለሙና ደረሳት። ሙና በመጋላ ገበያ፣ አባቷ ሱቅ ውስጥ፣ ከገዢ ጋር ዋጋ እየተሟገተች ያደገች ልጅ ናት። የአህዮቹ ተከራካሪ መፈክሩን አሰምቶ ሲቀመጥ እሷ ተነሣች።

«ቲቸር፣ ወላሂ ማንም አልጎተተውም» አለች። «አህዮቹ ራሳቸው መንገድ ለቀውለት ገባ። ከዚያ ከራሱ አፍ እያወጣ ጆንያቸውን ሞላላቸው። አቦ፣ እንዲህ ያለ ጅብ ለምን ይባረራል?»

ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ። ካድሬው ድምፁን ሳያነሣ፣ ልጅቷን ማን እንዳስጠናት ጠየቀኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብለው የሄዱ፣ ጥያቄው ግን እስካሁን ያላለቀላቸው ባልደረቦች ነበሩኝ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ሚስት ነበረችኝ። ፈራሁ።

ልጆቹ ራሳቸው ይፍረዱ አልኩ። እሱ ፊት ለጅብ እጁን የሚያወጣ አይኖርም፤ ሙና ትሸነፋለች፤ እኔም እተርፋለሁ። ከፍርሃቴ የተነሣ ግን አፌ ላይ የመጣልኝ የቀበሌ ሰብሳቢ አነጋገር ነበር።

«በሙና የቀረበውን ሐሳብ የምትደግፉ፣ እጃችሁን አውጡ» አልኩ።

አንድም እጅ አልወጣም። ቀጥሎ የሁሉም ዓይን ወደ ኋላ ዞረ። የካድሬው ቀኝ እጅ ወደ ላይ ቀጥ ብሏል። በየስብሰባው ሲወጣ የኖረ እጅ ባለቤቱን መች ያማክራል? ልጆቹም የእሱን አይተው አንድ ሳይቀሩ አወጡ።

ካድሬው እጁን የሌላ ሰው ይመስል ትክ ብሎ አየው። ቀስ ብሎ አወረደውና ራሱን አከከበት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ በሩ ሲሄድ አጠገቤ ቆመ።

«ጓድ መምህር፣ እኔ ዛሬ እዚህ አልመጣሁም» አለኝ።

«እኔም አልነበርኩም፣ ጓድ» አልኩት።

ጅቡ በሙሉ ድምፅ ያሸነፈው እንግዲህ ሁለታችንም በሌለንበት ነው።