ክቡር ማስጠንቀቂያና ጌታው

በየሰፈሩ አንድ ዛቻ የማያልቅበት አባት አይጠፋም። የዛተውን ሁሉ ቢፈጽም ኖሮ እስካሁን ቤቱ ተሽጦ፣ ሬዲዮኑ ተከስክሶ፣ እሱም አገር ጥሎ ጠፍቶ ነበር። ግን አንዱንም አይፈጽምም። ቤተሰቡ ይህን ያውቃል፤ እሱም ማወቃቸውን ያውቃል።

የዚህ ታሪክ ባለቤት አናጺ ናቸው፤ ጎረቤቱ "ክቡር ማስጠንቀቂያ" ይላቸዋል። "ውሻ በዚህ በር ከገባ እኔ በዚያ በር እወጣለሁ!" የሚለው አዋጃቸው የወጣው ወንድ ልጃቸው በስድስት ዓመቱ ቡችላ ሲለምናቸው ነው። ሃያ ዓመት ጸንቶ ቆየ።

ከዚያ አንድ ቀን ሴት ልጃቸው ከባለቤት አልባ ውሾች ማቆያ ጥጃ የሚያክል ውሻ ጎትታ መጣች። ኧረ እሱ ነው እሷን የጎተታት!

"ነገ ይመለሳል!" አሉ። በማግስቱም "ነገ ይመለሳል!" አሉ። "ጌታው" ብለው የጠሩት ለሽሙጥ ነበር፤ እሱ ግን ሹመት መሰለው። ሜትራቸውን ነጥቆ ግቢውን ሦስቴ ዞረ፣ ያለቀለትን የወንበር እግር ቆረጠመ፣ ቫርኒሹ ያልደረቀ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ አራት እግሩን አተመበት። "ነገ አልኩ፣ ነገ ነው!" ሲሉት ጅራቱን ይቆላል። ምሳ ላይ ከሰሃናቸው ሥጋው ወዴት እንደሚጠፋ ግን ደፍሮ የሚጠይቃቸው የለም።

አምስት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ጌታው አልጋቸው ስር ገብቶ፣ ወንድ ልጃቸው ትቶት የሄደውን ሸራ ጫማ አንዱን እግር አውጥቶ በላው። ያን ቀን አልጮሁም። ቁጭ ብለው ቅዳጁን ሲያዩ ቆዩና ዝግ ባለ ድምፅ "ውሰጂው" አሉ። ልጅቷ እንዲህ ሲናገሩ ሰምታ ስለማታውቅ አመነቻቸው።

ሰኞ የማቆያዋ ሴት መኪናዋን ደጅ አቆመች። ጌታው ሽርሽር መስሎት ዘሎ ገባ። በሩ ሊዘጋ ሲል ክቡርነታቸው መጋዛቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ።

"ማነው ውሰዱት ያለው?"

"አንተ ነህ እንጂ፣ አባዬ!"

"እኔ የምለውን እዚህ ቤት ማን ሰምቶኝ ያውቃል?" አሉ። ከዚያ የመኪናውን በር ያዙ። "አንድ ሰው ሰማኝ። ወንድምሽን በንዴት ውጣልኝ ስለው፣ ወጣ። ይኸው አራት ዓመቱ።"

ሴትዮዋ በሩን መልሳ ከፈተችው። ጌታውን ለማውረድ ለሦስት ታገሉ።

ከሰዓት በኋላ የወንድ ልጃቸውን ስልክ ቁጥር ጠይቀው ደወሉ። ቁጥሩ ሁልጊዜም እህቱ ጋር ነበር።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?" አለ። የአባቱን ቁጥር አጥፍቶት ኖሯል። ያ ዛቻ የማይነጥፍበት አፍ ተያዘ። ጌታው ግን ከጎናቸው ሆኖ ጮኸ።

"...አባዬ? ውሻ ገባ እንዴ?"

"ገባ።"

"አንተስ፣ አልወጣህም?"

"የት እወጣለሁ ልጄ?" አሉና እንባቸው ቀደማቸው። "ጫማህን በላብህ። አንዱ እግር ግን ደህና ነው፤ አስቀምጬልሃለሁ።"

 ልጁ ስልኩን አልዘጋውም።