ቡችላ መስጠት የማይሆንላቸው ቡችላ ሻጭ

ከነጋዴ ሁሉ የሚያስፈራው ዕቃውን መሸጥ የማይፈልገው ነው። ሌላው ሻጭ ይምላል፣ ይለማመጣል፣ እጅ ይጎትታል። ይኼኛው ግን ከእግር እስከ ራስ ያያችሁና "ለምን ፈለጋችሁት?" ይላል። እናንተም አንድ ቀን ሳታገኙት አልቀራችሁም፤ ችግኟን ላላመነችው እጅ የማትሰጥ አትክልተኛ፣ ገዢ መጽሐፍ ባነሳ ቁጥር ፊቱ የሚጠቁር መጽሐፍ ሻጭ። የሁሉም አለቃ ግን የእኛ ሰፈሯ ልብስ ሰፊ እትዬ ክብርት ናቸው።

ክብርት በልብስ ስፌታቸው ይተዳደራሉ፤ በቤታቸው ደግሞ እረኛ ውሻ ያራባሉ። ያራባሉ ስል ብዙ እንዳይመስላችሁ። ያለቻቸው አንዲት እናት ውሻ ናት፤ እሷም የምትወልደው ክብርት ሲያምኑበት ብቻ ነው። መውለዷን ሰምቼ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ቡችላ አለ?"

"አለ።"

"መቼ መጥቼ ልውሰድ?"

"ውሰድ ያለህ ማን ነው? መጥተህ ትታያለህ።"

ሄጄ ታየሁ። የስፌት ክፍላቸው ጥግ ላይ፣ በእንጨት በታጠረ ቦታ፣ ቡችሎቹ በቁርጥራጭ ጨርቅ ውስጥ ተደራርበው ተኝተዋል። አንገታቸው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው የጨርቅ ጥብጣብ ታስሯል። የስፌት መኪናው ቤቱን እያናወጠ አንዳቸውም አይነቁም። "ጩኸት ከአሁኑ ካልለመዱ ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር አልጋ ስር ነው የሚኖሩት" አሉኝ። ከዚያ ከመሳቢያ የራጅ ፊልም አውጥተው መስኮቱ ላይ ደገፉት። እኔም የሰው ደንብ ነውና ከንፈሬን መጠጥኩ።

"አይዞዎት እትዬ፣ ወገብዎን ነው?"

"የእናትየዋ ዳሌ ነው!" አሉ ተቆጥተው። "ይኼ ዝርያ ዳሌው ሳይታይ መውለድ የለበትም። ዓይኗም ታይቷል። አባትየውም እንደዚሁ። አሁን ሳትመረመር የቀረኸው አንተ ነህ።"

ምርመራው ተጀመረ። ቤት ማን ይውላል? ማን ያወጣታል? ለምን ፈለግካት? እውነቱን ተናገርኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ እኛ ቤት ነው የሚኖረው፤ ከክፍሉ ግን አይወጣም። መጋረጃውን ዘግቶ ሬዲዮ ያዳምጣል። ቡችላ ብትመጣ ምናልባት ትቀሰቅሰው ይሆናል ብዬ ነው። የክብርት ፊት ግን አልተፈታም።

"ቡችላ የሐዘን ኪኒን አይደለችም፣ ልጄ። ይቺ መንጋ ስትነዳ የኖረች ዘር ናት። ሥራ ካልሰጣችኋት ሥራ ትፈጥራለች፤ በራችሁን ትበላለች። ቤታችሁን ሳላይ፣ አባትህን ሳልጠይቅ አልሰጥም።"

ትንሽ ልለማመጥ ብሞክር "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብለው ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ።

ቅዳሜ መጡ። ባለቤቴ ቤቱን እንደ መስታወት ስታበራው አድራለች። ክብርት ግን ወለሉን እንጂ ግድግዳውን ሊያዩ አልመጡም። ቦርሳቸውን አስቀመጡና በአራት እግራቸው ሄዱ! "እኔ ቆሜ የማየው ቤት ሌላ፣ እሷ የምታየው ቤት ሌላ" እያሉ ከሶፋው ስር አሮጌ ካልሲ አወጡ፤ ባለቤቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እንደዚያው እየዳሁ ኮሪደሩን አለፉ፤ የአባቴን በር በግንባራቸው ገፋ አድርገው ገቡ። እኔም እየሮጥኩ ተከተልኳቸው።

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

"ጤና ይስጥልኝ አባቴ። ይኼ የሬዲዮ ገመድ ይነሳ" አሉ ክብርት።

"ምን ጠፋብዎት?" አለ ግራ ገብቶት።

"ምንም። ቡችላ ሆኜ ነው።"

አባቴ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያን ሳቅ ሰምተነው አናውቅም፤ ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ አፏን ይዛ ቀረች። ክብርት ግን አልሳቁም። እዚያው ወለሉ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

"ልጅዎ ውሻ ሊያመጣብዎት ነው። ይፈልጋሉ?"

"አልፈልግም።"

"ለምን?"

አባቴ ቀስ ብሎ "ከለመድኳት በኋላ ልትሞትብኝ?" አለ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉም ነገር አበቃ ብዬ ነበር። ክብርት የጨርቅ ክር ከቀሚሳቸው ላይ ለቀሙ።

"አውቃለሁ" አሉ። "እኔም አሳድጌ አሳድጌ ለሰው እሰጣለሁ። በሄዱ ቁጥር አለቅሳለሁ። ያሳደግኩበትን ጊዜ ግን ማንም አይወስድብኝም።" ቀና አሉ። "ሥራዎ ምን ነበር?"

"ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ደወል ሲደወል ተማሪውን ከሜዳ ወደ ክፍል መንዳት ነበር ሥራዬ።"

"እንግዲያው የሥራ ባልደረባዎ ናት" ብለው ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሱ።

ቡችላዋ ጊዜዋ ሲደርስ የእናቷ ጠረን ካለበት ጨርቅ ጋር መጣች፤ በቃል ኪዳንም ታሰርን። አልቻልንም ካልን ለማንም ሳንሰጥ ወደ ክብርት እንመልሳታለን። ከዚያ የእሁድ ስልክ ተጀመረ። "ጆሮዋን አያችሁ? ጥፍሯስ? ደረጃ አላሮጣችኋትም አይደል?" የአማቴ ስልክ በስንት ጣዕሙ እያልኩ አጉረመረምኩ። ኋላ ኋላ ስልኩን የሚያነሳው አባቴ ሆነ። ጠዋት ሱሪውን ጎትታ የምታስነሳው እሷ ናት፤ ዝናብ ቢሆንም ይወጣሉ። ማታ ደግሞ እያንዳንዳችንን ተረከዛችንን ጠቅ እያደረገች ወደ ገበታ ትነዳናለች፤ አባቴ ካልተቀመጠ አትቀመጥም። የክፍሉ መጋረጃም ከተከፈተ ሰንብቷል።

ባለፈው እሁድ ስልኩ አልጮኸም። አባቴ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አመሸ። በመጨረሻ "እስኪ ደውል" አለኝ።

"እትዬ፣ ምነው ጠፉ?"

"ምን ጎደለና ልደውል? እንግዲህ አምኛችኋለሁ" አሉ።

ይህን ፍርድ ስጠብቅ ከርሜ፣ ሲመጣ ጭራሽ ደስ አላለኝም። ለአባቴ "አመኑን" አልኩት። ቅር አለው። ስልኩን ከእጄ ቀማኝ።

"ወይዘሮ ክብርት፣ እኔ እንጃ፤ ዓይኗ ትንሽ ቀላ ብሎብኛል።"

ውሻዋን አየኋት። በሩ ላይ ተጋድማ ሁላችንንም በየተራ ታያለች፤ ዓይኗ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው።

"የቱ ዓይኗ?" የክብርት ድምፅ ከስልኩ አልፎ ቤቱን ሞላው። "እንዳትነኩት! መጣሁ!"

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

"የግራው ነው፣ እትዬ!" ብዬ ጮኽኩና የሬዲዮውን ገመድ ላነሳ ሮጥኩ።