ክቡር ሚዛን እና የተሰረዙት ፋይሎች

ኮምፒውተር ያለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ መዛኝ አያጣም። የእኛው፣ "ክቡር ሚዛን" የምንለው፣ የተቀጠረው ፕሮግራም እንዲጽፍ ነው፤ ነፍሱ ያለችው ግን የፋይል መጠን ላይ ነው። የልጄን ፎቶ ባሳየው "እንዴት አድጋለች!" አይልም፤ "ስንት ሜጋባይት ናት?" ይላል። አንዷ ባልደረባችን የሠርጓን ቪዲዮ ብትልክለት "እንኳን ደስ ያለሽ፤ ግን በዚህ ጥራት ያስፈልግ ነበር?" ብሎ መለሰላት።

ባለፈው ወር አዲስ ሠራተኛ መጣች። ሥራ ለመጀመር የፕሮጀክቱን ማኅደር፣ ኮዱና ፋይሎቹ ሁሉ ያሉበትን፣ ወደ ኮምፒውተሯ መገልበጥ ነበረባት። ጠዋት ጀመረች፤ ምሳ በልታ ተመለሰች፤ ገና ግማሽ። ክቡርነታቸው ይህን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"አሥራ አንድ ጊጋባይት! ኮዱ ራሱ አርባ ሜጋ ነው። የቀረው ምንድን ነው?"

ማንም አልጠየቀውም፤ እሱ ግን መለሰ። ማኅደሩ የእያንዳንዱን ፋይል የትናንት መልክ ሁሉ "ታሪክ" ብሎ ያስቀምጣል። ኮድ ጽሑፍ ስለሆነ ቢለዋወጥም ብዙ ቦታ አይወስድም። ምስልና ቪዲዮ ግን በተነካኩ ቁጥር እንደ አዲስ ይቀመጣሉ፤ ቢሰረዙም ከታሪኩ አይወጡም።

"ሰረዝኩት ማለት ከዓይኔ ራቀ ማለት ነው" አለ ጣቱን ቀስሮ። "ዕቃው ቤት ውስጥ ነው!"

ሁለት ቀን ታሪኩን ሲበረብር ከረመና የትልልቆቹን ፋይሎች ዝርዝር ከነባለቤቶቻቸው ስም ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ንድፍ ሠሪያችን አንዱን አርማ ስልሳ ሦስት ጊዜ አስገብታ ተገኘች።

"አለቃ ነዋ! 'ሰማያዊውን ትንሽ ሰማያዊ አድርጊው' እያለኝ!" ብላ ጮኸች። አለቃችን ድንገት ስልክ ተደወለለት።

የዝርዝሩ አናት ላይ ግን እኔ ነበርኩ፤ እኔ፣ የአጠቃቀም መመሪያ ጸሐፊዋ! አራት መቶ አሥራ ሁለት ሜጋባይት የሚመዝን ቪዲዮ፣ ከስድስት ዓመት በፊት በስህተት አስገብቼ በማግስቱ የሰረዝኩት። ምን እንደነበር እንኳ አላስታውስም። አለቃችን "ሁሉም ከነታሪኩ ይጠረግ" ብሎ አዘዘ። እኔም ሳምንቱን ሙሉ "ከባዷ" እየተባልኩ ሰነበትኩ።

ዓርብ ዕለት ክቡር ሚዛን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

"የአንቺን አጠፋሁት። መጀመሪያ ግን ከፈትኩት።"

"ለምን?"

"ልኬቱን ላረጋግጥ ብዬ።" ፍላሽ አስቀመጠልኝ። "አባትሽ ናቸው መሰለኝ።"

ሰካሁት። አባዬ መኪና ወደ ኋላ እያስገባ ግድግዳዋን ይቆጣል፤ "ዞር በይ እንጂ! አታዪም እንዴ?" ከጀርባ የእኔ ሳቅ ይሰማል። አባዬ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ያ ቪዲዮ ስልኬ ሲሰረቅ አብሮ ሄዷል ብዬ፣ አልቅሼ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

"ላሳንሰው ሞክሬ ነበር" አለ ጫማውን እያየ። "ድምፃቸው ተበላሸብኝ፤ ተውኩት።"

ሰኞ ማኅደሩን እንዴት እንዳቀለለው ሊያስረዳ ሲነሳ ሰው ሁሉ በየፊናው ሸሸ። እኔ ወንበር ሳብኩለትና "ከመጀመሪያው ጀምርልኝ" አልኩት። ሁለት ሰዓት አወራ። ግማሹ አልገባኝም፤ ሰዓቴን ግን አንዴም አላየሁም።