የኑግ ዘይት የጠጣችው ሞተሬ

ከሰውና ከሞተር ሆዱን የሚያውቀው የቱ ነው ብትሉኝ… ሞተር! ሰው ያገኘውን ይበላል፣ ያጉረመርማል፣ ይኖራል። ሞተር ግን ያልለመደውን ከሰጣችሁት በአደባባይ ያዋርዳችኋል። እኔን ጠይቁኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከአቃቂ ተነስቼ ቃሊቲ ወዳለው ሥራዬ የምመላለሰው በአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነበር። ቤንዚኗ ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ካልተቀላቀለበት ፒስቶኗ ይጣበቃል። ቤንዚኑን በኩፖን አገኘሁ፤ የሞተር ዘይት ግን ከየማደያው ጠፍቷል።

«ዘይት ያው ዘይት ነው» አልኩና፣ ባለቤቴ ብርቄ ከቀበሌ ሱቅ ግማሽ ቀን ተሰልፋ ያመጣቻትን፣ ለማኅበሯ ያስቀመጠቻትን አንዲት ጠርሙስ የኑግ ዘይት ቀላቀልኩበት። ጠርሙሱንስ? ብርቄ እንዳታውቅብኝ ሻይ ሞላሁበት!

ሞተሯ ተነሳች። ጭሱ ግን… ሽንኩርት ሲጠበስ የሚሸተውን ሸተተ! ጾም ነው፣ ዘይት ደግሞ በየቤቱ አልቋል። ባለፍኩበት ሁሉ ሰው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ቆመ። እኔም ሰላምታ መስሎኝ እጄን አነሳሁ።

በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ሰው አስከትሎ ቤቴ መጣ።

«ጓድ፣ ጥቆማ ደርሶናል። አገር ዘይት አጥቶ አንተ ጠዋት ጠዋት ትጠብሳለህ። የት ነው የደበቅኸው?»

ዘይት ደበቀ መባል፣ አሻጥረኛ መባል ነው። አሻጥረኛ ደግሞ… ታውቁታላችሁ። እኔ በሩን በሩን አየሁ። ብርቄ ግን በኩራት ጠርሙሷን አወጣች።

«ያለን ይቺ ብቻ ናት፤ በራሽን ያገኘኋት!»

ሊቀመንበሩ ከፍቶ አሸተተ፤ ቀመሰ።

«ሻይ ነው» አለ። ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «ስኳርም የለውም።»

ብርቄ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ከቀበሌውና ከሚስቴ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ቀበሌው እስር ቤት አለው፤ ተናዘዝኩ።

«ሞተሯ ናት የጠጣችው!»

«አስነሳት» አለ።

አስነሳኋት። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ከበበን። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ጨፍኖ ጭሱን ወደ ውስጥ ሳበ።

«እ… አልተጣራልኝም። ጨምርበት።»

እጀታውን አዙሬ ነዳጅ ጨመርኩበት። «ትንሽ ጨምር» ሲል፣ ከኋላም አንዲት እናት «ትንሽ ጨምርልን ልጄ» ሲሉ፣ ሞተሯ አንዴ ተንፈቅፍቃ ቀጥ አለች።

«ነፃ ነህ» አለኝ ሊቀመንበሩ እያዘነ።

«በቀበሌው በኩል» አለች ብርቄ።

በማግስቱ የሰፈራችን መካኒክ፣ ወሎዬው ጋሽ ሰይድ፣ ሞተሯን ፈቱልኝ። እሳት የሚጭርላት ካንዴላ በጥቁር ሙጫ ተለብጧል።

«ትድናለች ጋሽ ሰይድ?»

«ልጄ፣ ኑግ እሳት ሲነካው ሙጫ ነው የሚሆነው። ለሞተር የሞተሩን ስጠው። እሱ ከጠፋ አላህ እግር ሰጥቶሃል።»

በተሰጠኝ እግር ቃሊቲ ደረስኩ። እኩለ ቀን ላይ ምሳዬን ብከፍት ቅቅል ድንች… ነጭ፣ ደረቅ! ማታ ቤት እንደገባሁ በትሕትና ጠየቅሁ።

«ብርቄ፣ ድንቹ ዘይት የሚባል ነገር ትንሽ እንኳ የለውም እኮ?»

ቀና ሳትል መለሰችልኝ፦

«ነድተኸው የለ!»