የአንድ ብሯ አጣሪ ኮሚቴ

ቡታጅራ ውስጥ፣ ለክብሩ ሲባል ስሙን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ለሕዝብ ካበረከታቸው ስብሰባዎች ሁሉ የላቀው፣ ሲታተም የተሳሳተን ሳንቲም በኋላ ከተጎዳው የሚለይ ባለ ሰባት አባላት ኮሚቴ ያቋቋመበት ነው። ነገሩ አስቸኳይ ነበር። ሲታተም የተሳሳተ ሳንቲም አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሺህ ያወጣል የሚል ወሬ በቴሌግራም ከተለቀቀ ወዲህ፣ የከተማው መዶሻ ሁሉ ሚስማር ረስቶ ሳንቲም ሲቀጠቅጥ ይውል ጀመር።

የባጃጅ ሾፌሩ ጀማሉ ግን ምንም አልቀጠቀጠም። የአንበሳው ራስ ወደ ዳር ሸሽቶ ግማሽ ጎፈሩ የቀረ የአንድ ብር ሳንቲም፣ ባጃጁ ሳይቆም በፊት ከተሳፋሪ ደርሳው ነበር። ግሩም የሚባል ብርቅ ሳንቲም ገዢ ፎቶዋን በቴሌግራም አይቶ ከአዲስ አበባ ደወለና፣ "የመንግሥት ማረጋገጫ ካላት አርባ ሺህ" አለው። የጀማሉ ባጃጅ ሞተሩ ነክሶ ከቆመ ሁለት ወሩ ነው። አርባ ሺህ ማለት ሞተር ማለት ነበር።

የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ሽባባው ሳንቲሟን ተቀበሉ።

"መትተሃታል?"

"ወላሂ ጋሼ፣ በጨርቅ እንኳ አልጠረግኳትም!"

"ቆሻሻ መሆኗን አምኗል፤ ይመዝገብ።"

የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ አዛለች መዘገቡ።

አቶ ሽባባው በአጉሊ መነጽር ለሃያ ደቂቃ አዩ። ሥራቸውን አያውቁም እንዳይባል፣ ያውቃሉ፤ ጉዳቱም ከዚህ ይጀምራል።

"መዶሻ ብረቱን ይገፋዋል፤ የተገፋው ዳር ዳሩን ይቆለላል፣ ፊቱም ይጨፈለቃል። እዚህ ግን የተረፈው ፊት ጥርት ያለ ነው፣ ባዶውም ቦታ ለስላሳ። ጀርባዋን እዩ! ሚዛኑም አብሮ ሸሽቶ አንድ ሳህኑን አጥቷል። ይህ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው እውነተኛ ስህተት ነው!"

ኮሚቴው አጨበጨበ። ጀማሉ "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ እጁን ዘረጋ።

"ወዴት? የንብረት ቁጥር ሳይወጣላት?" አሉ ወይዘሮ አዛለች።

"የምን ቁጥር፣ እትዬ?"

"ያጣራነው ዕቃ መንገድ ላይ በሌላ ቢለወጥ ማን ይጠየቃል? የተቀመጥክበትን አታይም?"

ጀማሉ ጎንበስ ብሎ አየ። የወንበሩ አራቱም እግር ቁጥር ነበረው።

"ወረቀት ላይ ብትጽፉልኝስ?"

"ወረቀት ይጠፋል፣ ልጄ" አሉ አቶ ሽባባው በአባትነት።

ወይዘሮ አዛለች ቁጥር የተቀረጸበትን ብረት አንበሳው ጉንጭ ላይ ተከሉ፤ መዶሻም አነሡ።

"እትዬ፣ በአላህ..."

ቷ! ዜሮ። ቷ! ዜሮ። ቷ! አንድ።

ቅዳሜ ግሩም መጣ። አገላብጦ አያት፣ ጀማሉንም አየው።

"ወንድሜ፣ ይቺ እኮ በመዶሻ ተመትታለች። አሁን የምታወጣው አንድ ብር ነው።"

ጀማሉ እየሮጠ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፤ አቶ ሽባባውም መነጽራቸውን አንሥተው እንደ አዲስ መረመሩ።

"ብረቱ ተገፍቷል። ዳር ዳሩ ተቆልሏል። ያለ አንዳች ጥርጥር በኋላ የደረሰ ጉዳት ነው።"

"እናንተ ናችሁ እኮ የመታችኋት!"

"እሱ ነው ደስ የሚለው!" አሉ አቶ ሽባባው፣ ዐይናቸው በደስታ እንባ አቅርሮ። "እስከ ዛሬ ካየናቸው የተጎዱ ሳንቲሞች ውስጥ፣ የተመታበት ቀን፣ ሰዓትና የመቺው ሙሉ ስም በቃለ ጉባኤ የተያዘለት የለም። ግምት ቀረ! ሳይንስ ማለት ይህ ነው!"

ኮሚቴው ቆሞ አጨበጨበ። ወይዘሮ አዛለች ለትጋታቸው የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው። ጀማሉም፣ ሳንቲም ለጉዳት አሳልፎ በመስጠቱ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት።