ዩኒቨርሲቲ እንደ ትራክተር ሲመረጥ

በእኛ በቆላው አገር ሚስት በአንድ ሳምንት ታጭታ በሁለተኛው ትገባለች፤ ትራክተር ለመግዛት ግን ክረምት ሙሉ ይመከራል። እናንተ ደገኞች ሳቁ። ሚስት ብታኮርፍ ሽማግሌ ይላካል፤ ትራክተር የዘር ሰሞን ቢቆም ግን አገር ሙሉ ሽማግሌ ብትልኩበት ንቅንቅ አይልም።

እኔ ኮኪት አጠገብ ሰሊጥ የማርስ ሰው ነኝ፤ ከእርሻው የተረፈኝን ጊዜ ደግሞ እንደምታዩት እናንተን ሳደክም አጠፋዋለሁ። ትራክተሬን ስገዛ ሁለት አማካሪዎች ነበሩኝ። አንዱ መተማ ዮሐንስ የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ኑርሁሴን ናቸው፤ ብሎን በእጃቸው መዝነው የት አገር እንደተሠራ ይነግሯችኋል። ሁለተኛው የተሳቢ ሹፌሩ አስማረ ነው፤ ያልረገጠው አገር የለም፣ የሚያውቀው ግን ሁሉንም ከመኪናው መስኮት ነው። እነሱ ያሉኝን ገዛሁ፤ ትራክተሩም እስካሁን አላሳፈረኝም። ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው... ትራክተር የመረጠ ሸንጎ ዩኒቨርሲቲ መምረጥ ያቅተዋል ብሎ ማን ያስባል?

ልጄ ህይወት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን በጥሩ ውጤት አለፈች። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። አይፈረድባትም፤ ትራክተሩ በተበላሸ ቁጥር ሥሩ ገብታ እየተኛች ነው ያደገችው፤ ናፍጣ የማይሸት ቀሚስም የላትም። አሁን የቀራት ዩኒቨርሲቲዎቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ አሰልፎ በኢንተርኔት መላክ ብቻ ነው። ቀነ ገደቡ ዓርብ ነው። አንዴ ከተላከ መመለሻ የለውም፤ አንደኛ ብላችሁ የጻፋችሁት በቀልድ ቢሆን እንኳ ሄዳችሁ ዓመታት ትኖሩበታላችሁ።

«አንቺ አታስቢ፣ በሚገባ አስመርጥልሻለሁ» አልኋት።

«እሺ አባባ» አለችኝ። ህይወት በአንድ ጊዜ እሺ ስትል መጠርጠር ነበረብኝ።

ወቅቱ የሰሊጥ አጨዳ ስለነበር ሸንጎውን የሰበሰብሁት እርሻው ላይ፣ ዳሱ ሥር ነው። ሳሉጎቹ፣ ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ማለቴ ነው፣ አጠገባችን ምሳቸውን ይበላሉ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«መለዋወጫው ከየት ይገኛል?»

«የምኑ፣ ሐጂ?»

«የትምህርቱ ነዋ። አስተማሪው ቢታመም ሌላ ከቅርብ ያገኛሉ ወይስ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ልጂቱ ቁማ ትጠብቃለች?»

እኔ በአድናቆት ራሴን ነቀነቅሁ። ሐይቅ ዳር ስላለው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አስማረን ጠየቅነው።

«መንገዱ አስፋልት ነው» አለ፤ «ኬላው ግን ይበዛል። ሦስቴ ያስወርዱሃል።»

«ትምህርቱስ?»

«ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት ጥብሱን ይችልበታል።»

ደጋ ላይ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ሐጂ ገና ስሙ ሲነሳ ጣሉት። «እዚያ በብርዱ ናፍጣ እንኳ ይረጋል» አሉ፤ «የቆላ ልጅ ወስደህ ልትማግድ ነው?» ወደ ደቡብ ያለው ላይ ስንደርስ ግን የአስማረ ፊት በራ። ጎሚስታ ቅርብ ነው፣ ማደሪያ ሞልቷል፣ የግቢው በር ላይ ተሳቢ ሳይቸገር ይዞራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ምን እንደምንፈልግ እኔ አልገባኝም።

በዚህ መሐል ከሳሉጎቹ አንዱ፣ ከጎጃም የመጣ ቀጭን ልጅ፣ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ... ወርክሾፑስ እንዴት ነው?»

«አንተ ምሳህን ብላ» አልሁት። ትልልቅ ሰዎች በቁም ነገር ላይ ነን፤ ጣልቃ መግባቱ ደስ አላለኝም። ሸንጎው የደቡቡን አንደኛ አደረገ፤ ሐጂ «ኻላስ፣ ተማም፣ አለቀ» ብለው መረቁት። እኔም ዝርዝሩን በወረቀት ጽፌ ኪሴ ከተትሁ።

ሐሙስ ሦስታችንም በባጃጅ ኮኪት ከተማ ገባን። ኮምፒውተር ቤቱ ኔትወርክ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት አስቀመጠን። ሲመጣ የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ የህይወትን የፈተና ቁጥር አስገባና ወደ እኛ ዞረ።

«ይኼ እኮ ተሞልቶ ተልኳል። ሁለት ቀኑ።»

«ማን ነው የላከው?»

«ራሷ መጥታ ነዋ።»

አንደኛ ያደረገችውን ዩኒቨርሲቲ ስም አነበበልን። እኛ ጨርሶ ያላነሳነው ነው። አስማረ ቢጨንቀው «እዚያ እኮ ተሳቢ አይዞርም» አለ። ወረቀቴን እንደታጠፈ ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ህይወት አልካደችም። «ይበልጣልን ጠይቄው ነው፣ አባባ።»

«የቱን ይበልጣል?»

«ምሳህን ብላ ያሉትን።»

በቀጥታ ወደ እርሻው ሄድሁ። ንዴቴ ከእኔ ቀድሞ ሳይደርስ አልቀረም፤ ሠራተኛው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጄን የመከርሃት አንተ ነህ?»

«ጠየቀችኝ ጋሼ።»

«አንተ ደግሞ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምን ታውቃለህ?»

«አምስት ዓመት ተምሬበታለሁ» አለ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «መካኒካል ኢንጂነር ነኝ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ኢንጂነር ለመሆን የት እንደሚኬድ ከነጋዴና ከሹፌር ስጠይቅ ስከርም፣ ኢንጂነሩ አጠገቤ ተቀምጦ ሽሮዬን ይበላ ነበር። አፈርሁ። ማፈሬ እንዳይታወቅብኝም ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«እና አንተ የተማርኸበትን አስመረጥሃታ!»

«ኧረ እሱንስ መጨረሻ አድርጊው አልኋት። እኛ ጋ ማሽኑ ተበላሽቶ እንዳልጠየቅ ብሎ ኃላፊው ቆልፎት፣ ማሽን በሥዕል ብቻ እያየን ተመረቅን። አሁን የመረጠችው ቦታ ጓደኛዬ ይማራል፤ በስልክ አገናኘኋት። ወርክሾፑ ለተማሪ ክፍት ነው፣ ማሽኑን በእጃችን ነው የምንፈታው አላት።»

እኛ ስለ ጥብስና ስለ መዞሪያ ስንማከር እሷ ይህን ጠይቃ ጨርሳለች። ከዚያ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ፊቴ የቆመው ልጅ እኮ ልጄ እሆናለሁ ብላ የምትለፋለትን ሆኖ ጨርሷል። ጨርሶም ሰሊጤን ያጭዳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ።

«ተምራ ስትወጣስ?» አልሁት።

«እሱን እኔም አላውቀው ጋሼ» አለኝ። «ብቻ ማሽን ነክታ ትውጣ።»

ምድቡ ሲወጣ ህይወት አንደኛ ምርጫዋ ደረሳት። አስማረ በየኬላው «እኛ ነን ያስመረጥናት» እያለ ያወራል፤ ሐጂም ሰው ሲያመሰግናቸው አያስተባብሉም። እኔም ብሆን «እንኳን ደስ ያለህ፣ ጎበዝ አባት» የሚለኝን ሁሉ ዝም ብዬ እቀበላለሁ፤ ምን ላድርግ?

አጨዳው እንዳለቀ ይበልጣል ወደ አብርሃ ጅራ ለማሽላ አጨዳ ሊሻገር ነውና ሊሰናበተኝ መጣ። ሲከነክነኝ የሰነበተውን ጠየቅሁት።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ያህል ጊዜ አብረን ስንከርም ኢንጂነር ነኝ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ቅሬታ እንኳ አላየሁበትም።

«የቀጠሩኝ ዕለት ጋሼ፣ ማጭድ ይዘሃል ወይ ብለው ነው የጠየቁኝ» አለ። «ይዤ ነበር።»