የአርጎን ዘመድ

እስቲ ልጠይቅዎ፦ አርጎንን የመሰለ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔ ባሕር ዳር ኮሌጅ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አግኝቻለሁ፤ ደምሴ ይባላል፣ ከአልጋዬ አጠገብ ይተኛ ነበር። የኬሚስትሪ መምህራችን እንዳስረዱን፣ እንደ አርጎን ያሉት ጋዞች ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር እምብዛም የማይዋሐዱት ኮርተው አይደለም፤ የውጭ ምሕዋራቸው በኤሌክትሮን ስለሞላ ነው። የሚቀበሉት የላቸውም፤ የሚሰጡትም የላቸውም።

ደምሴም እንዲሁ ነበር። አንድ እሑድ መቅረት ከማይፈቀድበት የፖለቲካ ውይይት ክበብ ቀርቼ በታንኳ ለንግሥ ዘጌ ሄድሁ። ይህን የሚያውቀው ደምሴ ብቻ ነው። ማክሰኞ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ሁሉም የጎረቤቱን ጥፋት እንዲናገር ታዘዘ። ስሜ ከተጻፈ መባረሬ ነው።

«ጓድ ደምሴ፣ ይህ ጓደኛህ እሑድ የት ዋለ?» አሉ ሰብሳቢው።

«እንጃ።»

«ከተናገርህ ለክበቡ ጸሐፊነት እናጭሃለን!»

«ይቅርብኝ።»

«ካልተናገርህ ደግሞ የምንጽፈው ያንተን ስም ነው!»

«ይጻፉት» አለ፣ ሻይ እንደቀረበለት ሰው ተረጋግቶ።

ሰብሳቢው ግራ ገባቸው። ምን ሰጥተው ያባብሉት? ምን ነሥተው ያስፈራሩት? «ይህስ ድንጋይ ነው!» ብለው ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። እኔም በሆዴ «ኧረ ጋዝ ነው!» አልሁ።

ስንወጣ እጁን ይዤ «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁት።

«ምን አደረግሁልህ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ምንም አላደረገም። ሌሎቹም እንደ እሱ ምንም ባያደርጉ ኖሮ፣ ስንቱ ጓደኛችን ዛሬም ከእኛ ጋር ይማር ነበር!